ከእምቢልታ በር እስከ ወምበር በር

የጎንደርን የነገሥታት ግቢ ዞሮ ያየ ሰው፣ በቅጥሩ ዙሪያ አሥራ ሁለት በሮች መኖራቸውን፣ እያንዳንዱም በር የየራሱ ስምና አገልግሎት እንደ ነበረው ሳይነገረው አይመለስም። ከእነዚህ አንዱ እምቢልታ በር ይባላል፤ የዜማ መሣሪያ ተጫዋቾች መግቢያ ነበር። ሌላው ወምበር በር ነው፤ ወምበር ማለት ዳኛ ነውና በዚህ የሚገቡት ፈራጆች ነበሩ። ሙዚቀኛውም ዳኛውም የሚያመሩት ወደ አንድ ግቢ፣ የሚቆሙትም በአንድ ንጉሥ ፊት ሆኖ ሳለ በራቸው ግን ተለይቷል። አንደኛው ድምፁን ሲያሰማ ሰሚው ሊስቅ፣ ሊተክዝ ወይም ሊሸልም ይችላል። ሁለተኛው ሲናገር ግን የሰው ርስት ይጸናል ወይም ይነቀላል፤ የሰው ነፍስ ይተርፋል ወይም ይጠፋል።

ዛሬ በቴሌቪዥን መስኮት በየቤታችን ከሚገቡት የጥበብ ሰዎች መካከል በእምቢልታ በር ገብቶ በወምበር በር የሚወጣ አንድ ዓይነት ከያኒ አለ። እርሱም የቶክ ሾው አቅራቢው ነው። ሲጀምር አጫዋች ነው፤ ቀልድ ያውቃል፣ ድምፅ ይመስላል፣ የታዳሚውን ትንፋሽ ይለካል። እየዋለ እያደረ ግን ይጠይቃል፣ ይከሳል፣ ማስረጃ ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ይፈርዳል። የሂስ ዓምዶቻችን ትያትሩን፣ ልብ ወለዱንና ግጥሙን ሲመረምሩ ይህን ሥራ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወሬ እንጂ እንደ ጥበብ አልቆጠሩትም። ይህ አመለካከት መለወጥ ይኖርበታል። ከትያትር ቤት ወንበር ይልቅ በመስኮቱ ፊት የሚቀመጠው ሕዝብ እጅግ ይበዛልና።

ለዚህ ጽሑፍ እንደ አብነት የመረጥሁት የጎንደር ተወላጅ የሆነውን ታማኝ በየነን ነው። ዓላማዬ ሰውየውን ማወደስ ወይም መንቀፍ አይደለም፤ ወዳጆቹም ነቃፊዎቹም ይህን ሥራ በሚገባ እየሠሩት ነው። የእኔ ጥያቄ፣ አንድ ሰው በመስኮት ቆሞ ሥልጣንን ሲተች የትችቱ ጥበብ በምን ሕግ መመዘን አለበት? የሚል ነው። ሕጉን ለማግኘት ደግሞ ከአገር ቤት መነሣት ይሻላል።

አዝማሪውና እረኛው

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለው አነጋገር የእኛው ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን በአገራችን ሥልጣንን በአደባባይ መተቸት ፈጽሞ አልነበረም ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ሕዝቡ ገዢውን በችሎት ሊከሰው ባይችል በዜማ ይከሰው ነበር። «እረኛ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ የመኳንንቱ ልማድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማንም ያልጻፈውን፣ ማንም ማኅተም ያላሳረፈበትን አቤቱታ እረኛው በደጋው ሜዳ ከብቱን እየነዳ ያንጎራጉረዋል። እረኛውም በዚህ አይጠየቅም፤ ግጥሙን ያወረደው የዘመኑ ብሶት እንጂ እርሱ አይደለም ተብሎ ይታመናልና።

ይህን ነገር ሙያ አድርጎ የያዘው አዝማሪው ነው። ከጎንደር ከተማ ብዙ በማይርቀው በቡርቧክስ መንደር አዝማሪነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ ነው፤ የሙያው ባለቤቶች ሌላው ሰው የማይረዳው የራሳቸው መግባቢያም አላቸው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በጠላና በጠጅ ቤት ሲዘዋወር ያወድሳል፣ ይነቅፋል፣ ይሸረድዳል። ሌላው ሰው ቢናገረው ጠብ የሚያስነሣውን ቃል አዝማሪው ሲያዜመው ያልፋል። ይህ ፈቃድ ግን ልቅ አይደለም። ልብ ብሎ ለተመለከተው ከሦስት ሕግጋት ጋር የተሳሰረ ነው።

የመጀመሪያው ቅርበት ነው። አዝማሪው የሚነካውን ሰው ዓይን ለዓይን እያየ ነው የሚነካው። የተነካው ሰው በትር ከእጁ አይርቅም፤ ስለዚህ አዝማሪው ቃሉን ከአፉ ከማውጣቱ በፊት ይመዝነዋል። ሁለተኛው መቀባበል ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ያንኑ ስንኝ ተቀብሎ ለቤቱ ያዜማል። በእርሱ ላይ የተሰነዘረ ቢሆን እንኳን ተቀብሎ ማዜም አለበት፤ አለዚያ አዝማሪነቱ ምን ላይ ነው? የተነቀፈው ሰው በነቃፊው አንደበት መልሱን ያሰማል ማለት ነው። ሦስተኛው ሰምና ወርቅ ነው። ብዙዎች ሰምን የፍርሃት መሸፈኛ አድርገው ብቻ ይተረጉሙታል። እኔ ግን ለሰሚው የተሰጠ ክብር አድርጌ ነው የማየው። ወርቁን ፈልቅቆ የሚያወጣው አድማጩ ነውና ፍርዱ የአዝማሪው ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ይሆናል።

በወምበሩ በኩልም ተመሳሳይ ሥርዓት እናገኛለን። በጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከሳሽ በአንደበተ ርቱዕነት ተከሳሹን ያፋጥጠዋል፤ ነገር ግን «ተጠየቅ» ያለ ሰው «ልጠየቅ» ማለትም ነበረበት። ጥያቄውን ወርውሮ ከሸንጎ የሚሸሽ ከሳሽ አልነበረም። እንግዲህ አዝማሪውም ተሟጋቹም፣ አጫዋቹም ፈራጁም፣ አንድ የጋራ መሠረት ነበራቸው። ቃል የሰጠ ሰው ቃል ይቀበላል።

ከመድረክ ወደ መስኮት

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ዘመን በዚህ መስኮት ሹሙ ይናገራል፣ ሕዝቡ ይሰማል፤ ቀልደኛው በበዓል ዋዜማ ብቅ ብሎ አስቆ ይሰናበታል። ከልመንህ ታደሰ ጋር በመድረክ ቀልድ ይታወቅ የነበረው አለባቸው ተካ «አለቤ ሾው»ን በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲጀምር ነው ተራው ሰው በእንግዳ ወንበር ተቀምጦ የራሱን ኑሮ በራሱ አንደበት መናገር የጀመረው። አለባቸው በመኪና አደጋ ሕይወቱ ቢያልፍም የከፈተው በር አልተዘጋም። ዛሬ በኢቢኤስ የሚታየው የሰይፉ ፋንታሁን ዝግጅት ባንዱንና የእንግዳ ወንበሩን ይዞ በዚያው መንገድ የሄደ ነው። ይህ ወገን በአመዛኙ በእምቢልታ በር ገብቶ በዚያው የሚወጣ ነው። ነውርም የለበትም፤ ሰውን ማጫወት ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

የታማኝ በየነ መንገድ ከዚህ ይለያል። በ1980ዎቹ በመድረክ መሪነቱና በአስቂኝ ጨዋታው የታወቀ ሰው ነበር። ቀልዱ ከዘመኑ ገዢዎች ጋር አላስማማውምና ከሃያ ዓመት በላይ በስደት ኖረ። በ2002 ዓ.ም. በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መዋጮ የኢትዮጵያ ሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በአጭሩ ኢሳት፣ ሲቋቋም ታማኝ ከጣቢያው ዋና ዋና ፊቶች አንዱ ሆነ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ቀልደኛው ከሳሽ ሆኖ እናገኘዋለን።

የክሱ ዘዴ ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ባለ ሥልጣን ስለ አንድ ጉዳይ የተናገረውን በፊልም ያሳያል። ቀጥሎ ያው ሰው በሌላ ጊዜ ስለዚያው ጉዳይ የተናገረውን፣ ከመጀመሪያው ጋር የሚጣላውን ቃል ያሳያል። ከዚያም ወደ ታዳሚው ዞሮ ይጠይቃል። ተመልካቹ መጀመሪያ ይስቃል፤ ሳቁ ሳያልቅ ይቆጣል፤ ቁጣው ሳይበርድ ያዝናል። ትያትር ጸሐፊ ሆኜ ስመለከተው ይህ ገጸ ባሕርዩም ባላጋራውም አንድ ሰው የሆነበት ድራማ ነው። ጸሐፊው ቃለ ተውኔት አልጻፈም፤ ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ብቻ በቂ ግጭት ፈጥሯል። በድርሰት ትምህርት «አትንገር፣ አሳይ» የምንለው ሕግ ከዚህ የበለጠ አብነት አያገኝም።

የዘዴው ኃይል ከየት መጣ? ከትዝታ ይመስለኛል። በአገራችን የትናንቱ የቴሌቪዥን ንግግር ተቀምጦ የሚቆየው በመንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ተናጋሪው ትናንት ያለውን ዛሬ ቢክደው ቁልፉ በእጁ ስለሆነ ማን ያስታውሰዋል? ታማኝ ያደረገው ነገር ይህን የትዝታ ግምጃ ቤት ሰብሮ ለተመልካቹ ማከፋፈል ነው። ተመልካቹ «እኔም እንደዚያ ሲል ሰምቼው ነበር፤ ዕብድ አልነበርሁም» ይላል። ለብዙ ዓመታት የተጠራጠረውን የራሱን ጆሮ መልሶ ያምነዋል። ይህ ከቀልድም ከፖለቲካም የሚበልጥ አገልግሎት ነው።

በጎንደር ይህን መስኮት ያየነው በስርቆሽ ነው። የሳተላይቱ ሥርጭት በየጊዜው ይታፈናል፤ ጣቢያው ቦታ ሲለውጥ ዲሹን የሚያዞር ልጅ ይፈለጋል። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በከተማችን ከተደረገው ታላቅ ሰልፍ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ አሥራ አምስትና ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ተኮልኩሎ ሲያይ አስታውሳለሁ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መሠረት በወጣው መመሪያ ኢሳትን መመልከት ጭራሹን ተከለከለ። ዓይን የሚከለከልበት ሕግ በወጣ ጊዜ ተመልካቹ ምን ያህል እንደሚፈራ ብቻ ሳይሆን መስኮቱም ምን ያህል እንደሚፈራ ታወቀ።

ነገር ግን ከዚያ ክፍል አንድ ሌላ ነገርም አስታውሳለሁ። ሃያችንም ስናይ «ተቀበል!» የሚል አልነበረም። ማንስ ይሰማዋል?

ነፃነት ሲባል

ስለ ነፃነት በመስኮት የሚሟገት ሰው በእኛ ዘንድ ብቻ የታየ አይደለም። ነገሩን አስፋፍቶ ለማየት የአሜሪካውን ጆን ስቶሴልን እንመልከት። በአሜሪካ ሊበርታሪያን የሚባል ወገን አለ፤ መንግሥት ከግለሰብ ኑሮም ከገበያም እጁን ይሰብስብ ይላል። ስቶሴል የዚህ ወገን እጅግ የታወቀ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ሲጀምር ግን እንዲህ አልነበረም። ሙያውን የያዘው የሸማቹ ጠበቃ ሆኖ ነው፤ ያጭበረበረውን ነጋዴ እያሳደደ ያጋልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኤቢሲ ወደሚባለው ጣቢያ ገብቶ «ትዌንቲ ትዌንቲ» በተባለው ዝግጅት ሠራ፤ አሥራ ዘጠኝ የኤሚ ሽልማቶችንም አገኘ። በዚህ መካከል አሳቡ ተለወጠ። ሸማቹን የሚጠብቀው የመንግሥት ቁጥጥር ሳይሆን የነጋዴዎች ውድድር ነው ወደሚል እምነት ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ ፎክስ ቢዝነስ ተዛውሮ በራሱ ስም የተጠራውን ቶክ ሾው እስከ 2016 መራ።

ከስቶሴል የሥራ ዘመን ለጉዳያችን የሚጠቅሙ ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። በመጀመሪያው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1984፣ ዴቪድ ሹልትዝ የተባለውን ትግለኛ «ይህ ትግል የውሸት ነው ይባላል» ብሎ ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ትግለኛውም ካሜራው እያየ በጥፊ መትቶ ጣለው። ጥፊው ነውር ነው፤ ይሁን እንጂ ጠያቂው በዚያች ሰዓት በአዝማሪው ሕግ ውስጥ ነበር። ከሚጠይቀው ሰው በበትር ርቀት ላይ ቆሟልና።

ሁለተኛው አጋጣሚ ይበልጥ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2000 ያለ ፀረ ተባይ ስለሚመረት አትክልት ባቀረበው ዝግጅት፣ ጣቢያው አስመረመረሁ ያለውን ውጤት ማስረጃ አድርጎ፣ ከተለመደው አትክልት በፀረ ተባይ ቅሪት እንደማይለይ ተናገረ። ኋላ ሲጣራ አትክልቱ ለፀረ ተባይ አልተመረመረም ነበር። ጣቢያው ገሠጸው፤ እርሱም በዚያው ዝግጅት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ነቃፊዎቹ ይህን እያነሡ ሰውየው ማስረጃን ለእምነቱ ያጎነብሳል ይሉታል። እኔ ግን ከስሕተቱ ይልቅ እርምቱን አስተውላለሁ። ከልቡም ይሁን ከግዳጅ፣ ይቅርታው የተነገረው ስሕተቱ በተነገረበት መስኮት ነው። መስኮቱ ቃል ሲሰጥ እንደ ነበረ ቃል ተቀበለ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ልዩነት እንዳይዘነጋ እፈልጋለሁ። ሁለቱ ሰዎች «ነፃነት» ሲሉ አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም። ስቶሴል የሚከራከረው ፍርድ ቤቱና ጋዜጣው በቆሙበት አገር የመንግሥት እጅ ምን ያህል ይርዘም? ብሎ ነው። በኢሳት መስኮት ሲጠራ የነበረው ነፃነት ግን ከፍርሃት ነፃ መሆን ነው፤ ሌሊት በር ከመንኳኳቱ ነፃ መሆን። ለወገራና ለዳባት ደጋ ገበሬ ደግሞ ሦስተኛ ትርጉም አለው። በ2015 ዓ.ም. የማዳበሪያ እጥረት በደረሰ ጊዜ የአማራ ክልል ገበሬዎች አደባባይ የወጡት መንግሥት ከእርሻችን ይራቅልን ብለው አይደለም፤ የገባውን ቃል በወቅቱ ያድርስልን ብለው ነው። ገበሬው የሚሻው መንግሥት የሌለበትን ሜዳ አይደለም፤ ሲጠየቅ የሚመልስ መንግሥትን ነው። አንድን ቃል ከሌላ አገር መስኮት ቀድቶ በዚህ አገር ደጋ ላይ እንዳለ የሚዘራ አቅራቢ ቢኖር አዝመራው አይያዝለትም።

መቀስና ሚዛን

ወደ ዘዴው እንመለስ። ሁለት ንግግሮችን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ መጀመሪያ ሁለቱንም መቁረጥ ያስፈልጋል። ሚዛኑን የሚያዘጋጀው መቀሱ ነው። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ዋና ፈተና የት ላይ እንደ ቆረጠ ነው።

ይህን የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት ከጻፍኋቸው አጫጭር ትያትሮች በአንዱ አንድ የቀድሞ ሹም በሸንጎ የተናገረውን ከጋዜጣ ቆርጬ ለገጸ ባሕርዬ አጎረስሁት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትያትሩ ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ቀረቡና «ልጄ፣ ያን ቀን እኔ እዚያ ነበርሁ። ሰውየው ቀጥሎ ያለውን አላነበብኸውም?» አሉኝ። ጋዜጣውን ፈልጌ አገኘሁት። ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር የፊተኛውን ፍች የሚለውጥ ነበር። ሹሙ እኔ እንዳልሁት ሞኝ አልነበረም፤ በሌላ ነገር ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ግን አልነበረም። በሚቀጥለው ትዕይንት ሙሉውን ቃል አስገባሁ። ሳቁ ቀነሰ። ትያትሩ ግን የተሻለ ሆነ፤ ተመልካቹ በአንድ ሞኝ ላይ መሳቁን ትቶ ብልህ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት ማሰብ ጀመረና።

እኔ ይህን ያወቅሁት አዳራሹ አንድ ሽማግሌ ስለ ነበረው ነው። የቴሌቪዥን መስኮት ሽማግሌ የለውም። የተቆረጠውን ያየ ተመልካች ያልታየውን ሊገምት አይችልም፤ የተከሰሰውም ሰው በዚያው ሰዓት «ቀጥሎ ያለውን አንብብልኝ» ሊል አይችልም። በእርግጥ በኢሳት ዘመን ለነበረው ሁኔታ አንድ ትልቅ ማመካኛ አለ፤ የተከሰሱት ባለ ሥልጣኖች የራሳቸው ሰፊ መስኮት ነበራቸው፤ ሊመልሱ ቢፈልጉ የሚያግዳቸው አልነበረም፤ እንዲያውም የከሳሹን መስኮት ለመዝጋት ሲሉ ነበር የደከሙት። ይህ እውነት ነው። ሁለት መስኮቶች በየፊናቸው መጮኻቸው ግን አንድ ሸንጎ አያደርጋቸውም። የአንዱ ተመልካች የሌላውን አያይም። በላ ልበልሃ የሚባለው ሁለቱ ተሟጋቾች በአንድ ወምበር ፊት ሲቆሙ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

አዝማሪው በነቀፈበት ቤት ያድራል። የስደት አቅራቢ ግን በዋሽንግተን ተናግሮ ቃሉ በጎንደር ያድራል። በ2009 ዓ.ም. በዚያ መጋረጃ በተጋረደበት ክፍል ለነበርነው ሰዎች ይህ የጽንሰ አሳብ ጉዳይ አልነበረም። የተናገረው ሰው የመታሰር ሥጋት የለበትም፤ የሰማው ሰው ግን አለበት። ይህን ስል ስደተኛው ምንም አልከፈለም ማለቴ አይደለም። አገርን፣ የወላጅን ቀብር፣ የመድረክን ሙሉ ዕድሜ ማጣት ቀላል ዋጋ አይደለም። የሁለቱ ዋጋ ግን አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ የተናጋሪውም ኃላፊነት በሰሚው አደጋ ልክ መክበድ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። ርቀት ድምፅን ነፃ ያወጣል፤ በዚያው መጠን ግን ሚዛንን ያቀልላል።

የሁለተኛው ፈተና ወቅት የመጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። በግንቦት በኢሳት ላይ የነበረው ክስ ተነሣ። ነሐሴ 26 ቀን ታማኝ በየነ ወደ አገሩ ተመልሶ በታላቅ አቀባበል አዲስ አበባ ገባ፤ ለውጡንም ደገፈ። የአንድ ሐያሲ እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው በዚህ ጊዜ ነው። ጠላት በወንበር ላይ ሲቀመጥ ሚዛን መያዝ ድፍረት ብቻ ይጠይቃል። ወዳጅ ሲቀመጥ ሚዛን መያዝ ግን ከድፍረት ሌላ ሌላ ነገር ይፈልጋል። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የምትለዋ የቤት እመቤት ችግር እሳቱን አለማወቋ አይደለም፤ የራሷን ምድጃ ለማየት መዞር ማቃቷ ነው።

በዚህ በኩል በታማኝ ታሪክ አንድ መልካም ምዕራፍ እናገኛለን። በጌዴኦ የተፈናቀለው በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ይህ የሆነው እርሱ በደገፈው አዲሱ ዘመን መሆኑ አላስቆመውም። በ2011 ዓ.ም. በሚመራው ግሎባል አሊያንስ አማካይነት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲዋጣ አደረገ። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ እኔ የማተኩረው ግን አዲሱ ዘመን ሊያሳየው ያልወደደውን ፊት ለዓለም በማሳየቱ ላይ ነው። ከክስ በፊት የተራበውን ሰው አስቀደመ፤ ክሱም በዚያው ውስጥ ነበር። አዝማሪው ሰምና ወርቅ የሚለው ይህን አይደለምን?

የጣቢያው ታሪክ ግን እንዲህ በቀና አልቀጠለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከኢሳት የተለዩ ጋዜጠኞች ኢትዮ 360 የተባለውን መስኮት ከፈቱ። አንድ ባላጋራ ያቆማቸው ሰዎች ባላጋራው ሲወድቅ ተለያዩ። የተለያዩት በአሳብ ነው፤ ይህ አያስነውርም። የሚያሳዝነው መለያየታቸውን ያየነው በሁለት መስኮት መሆኑ ነው። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተጠየቅ ልጠየቅ ቢባባሉ ኖሮ በአገራችን የቴሌቪዥን ታሪክ ከታዩት ሁሉ የላቀ ትዕይንት በሆነ ነበር። ተመልካቹም ትናንት በአንድነት የወደዳቸው ሰዎች በምን እንደ ተለያዩ ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ በፈረደ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ወደ እጅ ስልክ ወርዷል። ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ አቅራቢ ነው፤ ቁጣ ያለው ሁሉ ከሳሽ ነው። የታማኝን መቀስ የወረሱ ብዙ ናቸው፤ ማስረጃ የመፈለግ ትዕግሥቱንና የመድረክ ጥበቡን የወረሱት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት፣ ከሩቅ የተወረወረች አንዲት ዐረፍተ ነገር በደባርቅ መንገድ ወይም በሰሜን ደጋ መንደር በማን ራስ ላይ እንደምታርፍ ያየ ሰው ይህን ነገር እንደ ኪነ ጥበብ ክርክር ብቻ ሊመለከተው አይችልም። በየወገኑ «ከሃዲ» የሚባል ስም በመስኮት ይጠራል። ስሙ የተጠራው ሰው «ተቀበል» ብሎ መልሱን የሚሰጥበት ቤት የለም። መልሱን ሳይሰጥ የቀረም ሊኖር ይችላል።

የሚቀበል መስኮት

እንግዲህ በመነሻዬ ላነሣሁት ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባኛል። በመስኮት ቆሞ ሥልጣንን የሚተች ከያኒ የሚመዘነው በድፍረቱ ብቻ መሆን የለበትም። ድፍረት ያስፈልጋል፤ በታማኝ በየነ ሥራ ውስጥም ሞልቶ ተትረፍርፏል። ነገር ግን ድፍረት የእምቢልታ በር መግቢያ ነው። በወምበር በር ለመውጣት የፈለገ ሰው ሌላ ዕዳ ይከፍላል። የቆረጠውን ቃል ቀኑንና ቦታውን፣ ፊቱንና ኋላውን ጨምሮ ያሳያል። የከሰሰውን ሰው ይጠራል፤ ባይመጣ ወንበሩን ባዶውን ያሳያል። ሲሳሳት በተሳሳተበት ሰዓትና በተሳሳተበት ድምፅ ያርማል። ወዳጁ በተሾመ ቀን ያንኑ ሚዛን ይዞ ይገኛል። ሰሚው ከእርሱ የበለጠ አደጋ ላይ መሆኑን አስታውሶ ቃሉን ይመርጣል።

ይህ ሁሉ አዲስ ሕግ አይደለም። በቡርቧክስ ያለ አዝማሪ በማሲንቆው፣ የጥንቱ ተሟጋች በበላ ልበልሃው ሲሠሩበት የኖሩት ነው። እኛ የመድረክ ሰዎችም ከዚህ ዕዳ አናመልጥም። የትያትር ቤቶቻችን የባህል አዳራሾች በሳምንት አንድ ምሽት ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ቢከፈቱ፣ ሹሙም ሐያሲውም ተመልካቹም በአንድ ጣራ ሥር ቢቀመጡ፣ ማሲንቆ ያዡም ከመካከል ቢቆም፣ የቴሌቪዥኑን መስኮት የሚያስተምር ትምህርት ቤት በሆኑ ነበር።

በጎንደር ከነገሥታቱ ግቢ ፊት ለፊት የጃንተከል ዋርካ ዛሬም ቆሟል። ከሥሩ ሰው ይገናኛል፣ ይነጋገራል፣ ይከራከራል። ዋርካው ለማንም አይፈርድም። ከጥላው ሥር የተናገረ ሰው ግን ሲናገር የሚሰሙት ሰዎች እዚያው አጠገቡ ናቸው፤ ተናግሮ ሲጨርስ ደግሞ ተራው የእነርሱ ነው።